የሦስቱ ወንድማማቾች ወንዝ

በአንድ ወቅት፣ የቆላው ደን ገና መንገድ ሳይወጣለት፣ ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች ውሃ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ወረዱ። ሽማግሌያቸው ቢቶ፣ «ውሃ ካገኘን ወንዙ ከሁሉ በላይ ውለታ በዋለልን ሰው ስም ይጠራል» አሉ። ከተጓዦቹ መካከል አንዲት እናትና ሦስት ወንዶች ልጆቿ ነበሩ፤ ጋሎ፣ ኮችቶና ሻዎ።

ታላቁ ጋሎ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሲቀመጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ዛፍ ጫፍ ወጣ። በደኑ መሀል የሚያብረቀርቅ ወንዝ አይቶ ሕዝቡን መርቶ አደረሰ።

መካከለኛው ኮችቶ ወንድሙ ሲወደስ ቅናት አንገበገበው። «ዓይን ያለው ሁሉ ያያል» ብሎ ብቻውን ወንዙን ተከትሎ ወረደ። የት እንደሚታጠፍ፣ አዞው የት እንደሚተኛ፣ ክረምት ሲሞላ እስከየት እንደሚወጣ አጠና። ወንዙ ረግረግ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ተከትሎት፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ።

ሲደርስ ሰዎቹ ማዶ ሰፍረዋል። በሁለቱ ዳርቻ የታሰረ የሐረግ ገመድ አገኘና እሱን ይዞ ተሻገረ። ውሃ የምትቀዳ ሴት አግኝቶ፣ «ወንዙን ማን አላችሁት?» ሲላት፣ «ሻዎ» አለችው።

ደሙ ፈላ። «ታናሼ ደግሞ ምን ሠርቶ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «አልሰማህም እንዴ?»

የሚታረሰው መሬት ማዶ ነበርና ሻዎ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ዋኝቶ ዘረጋላቸው። ሕዝቡ ሲሻገር የአንዲት አሮጊት እጅ አመለጠ። ሻዎ ዘሎ ገባ፤ እሷን ለሰዎች አቀበለ፤ እሱን ውሃው ወሰደው።

ኮችቶ አለቀሰ። እያለቀሰም ቅናቱ አልለቀቀው አለ፤ በሟች መቅናቱ ራሱን አስጠላው። ቢሆንም፣ «ጎጆዎቹን ከዳር አንሡ፤ ውሃው እዚህ ይደርሳል» አላቸው። አነሡ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የቀድሞውን ሰፈር ጠርጎ ሄደ።

ከጎርፉ በኋላ ቢቶ የወንዙ ስም በፍርድ እንዲጸና ሸንጎ ጠሩ።

ጋሎ፣ «እኔ ባላይ ማንም እዚህ አይደርስም ነበር» አለ።

ኮችቶም፣ «እኔ ባላጠናው ዛሬ ማን ይተርፍ ነበር?» አለ።

ከውሃው የዳነችው አሮጊት ተነሣች። «ሟች አፍ የለውም፤ እኔ ልናገርለት። ያለ እሱ ማዶውን በዓይናችን እያየን እንቀር ነበር።»

እናታቸው ግን፣ «ልጄን ለበላ ውሃ የልጄን ስም አትስጡት» አለች። «ጠዋት ማታ እየጠራሁት ልቅዳ?»

ኮችቶ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ አፈረና ፊቱን ከእናቱ መለሰ።

ቢቶ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ፤ መፍረድ ግን አልሆነላቸውም። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ወንዙ ባየው፣ ባወቀው፣ ወይስ በሞተበት ሰው ስም ይጠራ?