የቀኛዝማች ጠጅ

አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ስኳር በሽታ ተገኘባትና ሐኪሙ ጠጅ እንዳትቀምስ አስጠነቀቃት። በዚያው ሰሞን ሴት ልጇን ለቀኛዝማች ይመኑ ልጅ ልትድር ሆነ። የቀኛዝማች ኩራት መቼም ከሀብታቸው ይብስ ነበር። ጋብቻውን ሊጨርሱ በተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ፊት ብርሌውን ራሳቸው ሞልተው፣ በመዳፋቸው ቀምሰው አቀረቡላት።

«ስኳር አለብኝ፣ ጌታዬ፤ ውሃ ይበቃኛል» አለች።

«ጠጄን ንቆ ከኔ ጋር መዛመድ የለም! በሞቴ! በሞቴ ካልጠጣሽ ጋብቻው ፈርሷል!»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። ሽማግሌዎቹም አቀረቀሩ። ባልቴቷ ግን ብርሌውን በሁለት እጇ ተቀብላ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ በእርስዎ ሞት ቢሆንማ ጋኑን እስከ አተላው በጨለጥኩልዎ ነበር። ምን ላድርግ፣ ይሄ ጠጅ የሚጠጣው በእኔ ሞት ነው።»

ቀኛዝማች ሳይወዱ ሳቁ፤ ውሃውንም በእጃቸው ቀዱላት።