በውሃ ብቻ የሚጽፈው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙን ደምሰው እንበለው። በአንድ የቻይና ከተማ ተቀምጦ ዕቃ እየገዛ ወደ አገር ቤት የሚልክ፣ ዘመድ አዝማድ የሌለው ብቸኛ ሰው። ከቤቱ አጠገብ ባለው መናፈሻ ሊያንግ የሚባሉ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ምርኩዝ የሚያህል ብሩሽ ባልዲ ውስጥ ነክረው በንጣፍ ድንጋዩ ላይ በውሃ ይጽፋሉ። እዚያ ጀማሪውም እንዲህ ይለማመዳል፤ ወረቀት አይባክን፣ ቀለም አይፈስ።

ደምሰው ቆሞ ሲያይ ሽማግሌው ብሩሹን ሰጡት። አንድ ቃል አስጀመሩት፤ «በረከት» የሚለውን። መስመሩ ተንጋደደበት፤ አፈረ። ጥቂት ቆይቶ ፀሐይ ወጣች፣ ድንጋዩ ደረቀ። ስህተቱ የት ይገኝ? ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ወደደው! ማንስ የማይወደው?

ሽማግሌው ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጅም አልወለዱም። ደምሰው ሲታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። እሱም «አባባ» ይላቸዋል።

የዚያ አገር ሰው አዲስ ዓመት ሲደርስ በቀይ ወረቀት ላይ የበረከት ቃል በቀለም ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፋል። በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ የደጄን ቃል አንተ ጻፍልኝ» አሉት።

«ኧረ አባባ! እጄ መቼ ጠና? አበላሽብዎታለሁ።»

«ይበላሻ! የልጅ ጽሑፍ ቢንጋደድ ማን ይስቃል?»

«ትንሽ ልለማመድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል የእኛ አገር ሰው።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። «እንቁላሉ እስኪሄድ የምጠብቅበት ዕድሜ እኮ የለኝም» አሉ።

ሰማ? አልሰማም። በውሃ መጻፉን ቀጠለ። እጁ ጠና፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቀው ጀመር። አሁንስ? አሁንም «ትንሽ ይቀረኛል» ይላል። ቀለም ፈርቶ ነው። ቀለም የጻፉትን ይዞ ይቀራላ!

በበዓሉ ዋዜማ ሽማግሌው ከመናፈሻው ቀሩ። ደምሰው ልቡ ፈራ፤ ቀለም ገዝቶ ወደ ቤታቸው ሮጠ። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ምንም አልተጻፈበትም። አንዲት ጎረቤት እያለቀሰች በጥፍሯ ትልጠዋለች።

«ትናንት ማታ አረፉ» አለችው። «የተጻፈ ከገበያ ላምጣልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ልጄ መጥቶ እዚሁ በሩ ላይ ቆሞ ይጽፍልኛል ብለው ነው ባዶውን የለጠፉት።»

«ተይው! አትላጪው! አሁን እጽፋለሁ!»

«አይሆንም ወንድሜ። ሞት በገባበት ቤት ቀይ አይለጠፍም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀለሙን እንደታሸገ ታቅፎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያ የተገራ እጅ ከእንግዲህ ለማን ይሁን?

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው አትፍረዱ። እናንተስ ምን ስትለማመዱ ኖራችሁ? ስንቶቻችሁ ናችሁ በልባችሁ ይቅርታ ስትጠይቁ የምታድሩ? መንገድ ላይ «በድዬሃለሁ ወንድሜ» ትላላችሁ፤ ደጁ ስትደርሱ ታልፉታላችሁ። ለምን? ቃሉ አላማረማ! ጊዜው አልተመቸማ! በዚህ መሐል ስንት ፋሲካ አለፈ? ለቀብሩ የምትለብሱት ጥቁር ልብስ ግን አይጠፋም። ለሬሳው የምትናገሩት ምስጋናም ያለ ልምምድ ይመጣል። ሬሳ ደግሞ አይሰማም!

እግዚአብሔር ያማረ ቃል አልጠየቃችሁም። ያኮረፋችኋት እናታችሁም አልጠየቀችም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ፤ ወደ እሷ ሂዱ። ምላሳችሁ ቢተሳሰር ደጃፏ ላይ ቆማችሁ አልቅሱ። እሷ ይገባታል።