ሚስቱ ሞቷል ያለችለት ወታደር

አንድ ሰው ነበረ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ወታደር የነበረ። «ለድሮ ቁስለኞች መንግሥት የሚሰጠው ነገር አለ ይባላል፤ የእኔን ነገር ሳታነሳ ሄደህ ጠይቅልኝ» አሉኝ አይደል? እሄዳለሁም አልሄድም ሳልል ይችን ይስሙኝ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ አሳምሬ አላወራም።

ሰውዬው ጭኑ ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዞ ነው ከጦር ሜዳ የተመለሰው። የነበረበት ጦር ተሸንፎ ተበትኖ ስለነበር እታሰራለሁ ብሎ ፈራ። መታወቂያውን በፌስታል ጠቅልሎ የቤቱ ግድግዳ ውስጥ ከተተና በጭቃ መረገበት። ለሠፈሩ ሰው «የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ፣ መኪና ተገልብጦ ነው የማነክሰው» አለ። እውነቱን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ነበረች።

ክረምት በመጣ ቁጥር ጭኑ ያብጣል፣ ይመግላል። አንድ ቀን ለጦር ጉዳተኞች የነጻ ሕክምና ካርድ አለ ሲባል ሰማ። የት እንደሚሰጥ አያውቅም። ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ፈራ። ወፍጮ ቤት ሄደና ባለወፍጮውን ጠየቀው።

«አንድ ዘመድ አለኝ፣ ድሮ ወታደር የነበረ። ካርድ አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?»

ባለወፍጮው ሳቀ። «ለዘመድህ ንገረው፣ ወጥመድ ነው። ስማቸውን ይለቅሙና በመኪና ይጭኗቸዋል። ለመሆኑ ዘመድህም እንዳንተ ያነክሳል?»

ሰውዬው እያነከሰ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ውሻ በጮኸ ቁጥር ይደነግጥ ጀመር።

በሳምንቱ አንዲት ሴት ዝርዝር ይዛ በራፉ ላይ ቆመች። ስሙን ከነአባቱ ስትጠራ ሲሰማ አልጋ ሥር ገባ። ሚስቱ ወጣች።

«የለም» አለቻት።

«መቼ ልምጣ?»

ቀን ብትነግራት ተመልሳ ልትመጣ ነው። ጨነቃት። «ሞቷል እኮ እህቴ» አለች።

«ውይ! ነፍስ ይማር» አለች ሴትየዋ፣ ከልቧ አዝና። ጻፈችና ሄደች።

ሰውዬው አልጋ ሥር እንዳለ «ጎበዝ!» አላት ሚስቱን።

ክረምት ገባ። የዚህኛው እብጠት ጉልበቱ ድረስ ወረደ። እግሩ ጠቆረ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። «ከዚህ በላይ ምን ያደርጉሃል?» አለችና ሚስቱ ግድግዳውን በመጥረቢያ ፈልፍላ መታወቂያውን አወጣች። ጠያይቃ ካርዱ የሚሰጥበት ቢሮ ደግፋ ወሰደችው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ መታወቂያውን አየና መዝገብ ገለጠ።

«እኚህ ሰው ሞተዋል» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየው። «ከድሮ ሆስፒታል መዝገብ ስምዎን አግኝተን ካርድ ልንሰጥዎ ቤትዎ ድረስ ሰው ልከን ነበር እኮ አባቴ። ሞተዋል ተባልን። መዝገብ ላይ ሞቷል ለተባለ ሰው መታወቂያ ብቻ አይበቃም፤ አሁን እርስዎ እሳቸው እንደሆኑ፣ ወታደርም እንደነበሩ የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ያምጡ።»

ከየት ያምጣ? ሠፈሩ የሚያውቀው የመኪና ረዳት ነው። እሱ ተኝቶ፣ ሚስቱ የድሮ ጓደኞቹን ፍለጋ ከከተማ ከተማ ስትዞር ክረምቱ አለቀ። ካርዱ ወጣ። ሐኪሙ ግን እግሩን አይቶ «ዘግይቷል፣ መቆረጥ አለበት» አለ። ፍንጣሪ ሊወጣበት የነበረው ካርድ የእንጨት እግር ተሠራበት።

ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ ባለወፍጮው ነኝ። ቀኑን ሙሉ አሸዋና ድንጋይ ስሸከም የምውል ሰው ስለ ካርድ ምን አውቃለሁ? በር ላይ ያገኘሁት ሰው ያለኝን ይዤ መጥቼ የባሰ አስፈራዎታለሁ። መፍራትዎን አልነቅፍም፤ እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁም። ግን አልጋ ሥር የተኛ ሰው እግሩም አብሮት ነው የተኛው፣ ቁስሉም።

ነገ ግማሽ ቀን አስፈቅዳለሁ። ክንድዎን ይዤ እስከ መስኮቱ አደርስዎታለሁ። እዚያ ሲደርሱ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፤ ድምፅዎ ቢንቀጠቀጥም ይንቀጠቀጥ።

እኔንም ምስክር ሁን ቢሉኝ እሺ እላለሁ። ግን ይኸው እርስዎ ይሄን ሕንጻ ሲጠብቁ፣ እኔ ስሸከምበት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ከ«ጋሼ» ሌላ የምጠራዎት ስም የለኝም። እስኪ አሁን፣ እኛ ሁለታችን ብቻ እያለን ይንገሩኝ።

ሙሉ ስምዎ ማን ይባላል?