ለአህያ የማይጠየቀው ቁጥር

ተረት ልበለው እንጂ በእግሬ የሄድኩበት ነው። ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

ልጄ አንዋር እግሩ ተጣሞ ተወለደ። በጀሶ ሲታሰር ሲፈታ ከርሞ፣ ያን ቀን ጠዋት እግሩ ቀንቶ ከጀሶው ወጣ። ሐኪሙ ግን፣ «ጫማው ዛሬውኑ ይግባለት። ያለ ጫማ ካደረ መልሶ ይጣመማል» አለኝ። ጫማው በብረት የተያያዘ ነው፤ እህቴ ከአዲስ አበባ ልካዋለች። የፈለግኩት እሱን ብቻ ነው።

ዕቃውን የሚያደርሰው ባለሞተር ደወለ። «ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ቤትሽም ቁጥር የለውም። ጋሽ እንድሪስ ሱቅ አስቀምጬዋለሁ፤ ወርደሽ ውሰጂ።» ይህን እንዳለ ስልኬ ድርግም አለ።

ጭቃው ለሞተር ጭቃ ነው፣ ልጅ ላዘለች እናት ምንጣፍ ነው? ወረድኩ።

ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። «ጋሼ፣ ያ የኔ ነው።»

«በስልክሽ የተላከውን የመረከቢያ ቁጥር አሳዪኝ።»

«ስልኬ ሞቷል። ሰዓዳ ነኝ እኮ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጨው የምገዛዎት!»

«አንቺንማ አውቅሻለሁ። ቁጥርሽን ነው የማላውቀው።»

መብራት የለም። ጄኔሬተር ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው። ሄድኩ። ባለወፍጮው ምትኩ፣ «ለአንድ ስልክ ናፍጣ አላቃጥልም። የሚፈጭ አምጪ» አለኝ።

ወፍጮው ካልዞረ ስልኬ አይሞላ፤ ስልኬ ካልሞላ ቁጥሩ አይታይ፤ ቁጥሩ ካልታየ ካርቶኑ አይወርድ፤ የልጄ እግር ሊጣመም!

የሚፈጭ ፍለጋ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ጋ ሮጥኩ። «ማሽላስ አለኝ» አሉ፤ «ወገቤ ነው እምቢ ያለኝ። አህያውን ካስነሳሽው ጭነሽ ውሰጂ።»

አህያውን ጎተትኩት፣ ገፋሁት፣ ለመንኩት። ጆሮውን ጥሎ ተገተረ። እትዬ ዘይነባ ሳቁ። «ፉርሽካ ካልቀመሰ አይነሳም። ባሌም፣ አላህ ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር።»

ፉርሽካው ካልመጣ አህያው አይነሳ፤ አህያው ካልተነሳ ማሽላው አይጫን፤ ማሽላው ካልተጫነ ወፍጮው አይዞር፤ ወፍጮው ካልዞረ ስልኬ አይሞላ፤ ስልኬ ካልሞላ ቁጥሩ አይታይ፤ ቁጥሩ ካልታየ ካርቶኑ አይወርድ፤ ፀሐይዋ ደግሞ አዘቀዘቀች፤ የልጄ እግር ሊጣመም!

ፉርሽካ የሚሸጠውስ ማን ነው? ጋሽ እንድሪስ!

ያንኑ ጭቃ ወረድኩ። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል። «ጋሼ፣ ፉርሽካ! ለእትዬ ዘይነባ አህያ!»

«እንዴ፣ ምን ችግር አለ» አሉና በጣሳ ዛቅ አድርገው ሰጡኝ። «እትዬ ኋላ ይከፍላሉ።»

ጣሳውን ይዤ ቆምኩ። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ የአህያው ቁጥርስ?»

«የምን ቁጥር? የሰፈራችን አህያ አይደል? አውቀዋለሁ!»

«ይሄንንስ?» ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ፣ ያችን የቀናች እግሩን ከባንኮኒው በላይ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «አህያ ባለመሆኑ ነው የማያውቁት?»

ገዢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ ያናፋልዎት እንዴ?» አለች። ጋሽ እንድሪስ አላበኝ ብለው ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ፤ ከዚያ መሰላሉን አስጠጉ።

አህያው ሳይነሳ፣ ማሽላው ሳይጫን፣ ወፍጮው ሳይዞር፣ ስልኬ ሳይሞላ፣ ቁጥሩ ሳይታይ፣ ካርቶኑ ወረደ! እዚያው ባንኮኒው ላይ ጫማውን አጠለቅኩለት። ማሰሪያውን የያዙልኝ ራሳቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

ፉርሽካውንም አልተውኩትም። ዳገቱን ወጥቼ፣ ጭቃውን አቡክቼ፣ ለአህያው ከደጃፉ አደረስኩለት። ቁጥርም አልጠየቅኩት።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ ዕቃዬን ግን እንደ አህያው ከደጄ አድርሱልኝ።