መጅ ያሸከመ ግዝት
መምሬ ላቀው ሰው ቢያስነጥስ የሚገዝቱ ቄስ ነበሩ። አንዲት ምላሰኛ ባልቴት በሚካኤል ዕለት ስትፈጭ ተሰማችና፣ በማግስቱ የወፍጮዋን መጅ አሸክመው ደጀ ሰላም አቆሟት።

“ቃሌ ለዚህ አገር ልጓም ነው! ‘ወፍጮ አይሰማ’ ብዬ ስገዝት ካንቺ በቀር ማን ደፈረ? በይ፣ ግዝቴ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሕዝቡ ይስማሽ!” አሏት።

ይጎዳል ብትል ልትወገዝ፣ ይጠቅማል ብትል ጥፋቷን ልታምን ነው።

ሴትዮዋ መጁን እንደተሸከመች ቀና አለች።

“መጥቀሙንማ በጣም ይጠቅም ነበር፣ አባ። ልጆቻችን ከማዶ ሰዎች ጋር በግጦሽ መሬት ሊጋደሉ ሲወጡ ግን እርስዎ መስቀል አሳልመው ሸኟቸው። በመጄ ላይ የጣሉትን ግዝት ያኔ በጠመንጃው ላይ ጥለውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ትናንት ለልጄ ተዝካር ባልፈጨሁ።”