ሠላሳ አንድ ሰው የያዘው ቁልፍ

አንዲት ሴት ነበረች። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ የሰርግ ፎቶ ቤት አላት። እጇ የተባረከ ነው፤ ፊቱን አኮሳትሮ የመጣ ሙሽራ እንኳ በእሷ ካሜራ ፊት ሲቆም ጥርሱ ይታያል። ሰው ይወዳታል፤ እሷም ሰው ትወዳለች። ችግሯ የጀመረውም ከዚሁ ነው።

ዛሬ ፎቶ እንደ ድሮው በካርቶን ታሽጎ ቁም ሣጥን ላይ አይሰቀልም። ይህች ሴት የሰውን ሰርግ ሁሉ የምታስቀምጠው ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በኪራይ በሚያዝ ማከማቻ ውስጥ ነው። በሩ አንድ ነው። ቁልፉም አንድ ፓስወርድ ነው። ፓስወርዱን ያወቀ ሰው የትም ሆኖ በስልኩ ይገባል፣ ያያል፣ ያወርዳል።

ነገሩ የሆነው ታኅሣሥ ላይ ነው። የወይዘሮ ዳመነች ልጅ ጥር ላይ ልታገባ፣ አስቀድማ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሣች። የለበሰችው የሰርጓን ዕለት ቀሚስ ነው። ያን ቀሚስ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቷና ከልብስ ሰፊው በቀር ያየው ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ሙሽራዋ ከነቀሚሷ በቴሌግራም ትዞር ጀመር። የወደፊት አማቷ ሳይቀሩ አይተው “እጅጌው ረዘመ” ብለው አስተያየት ሰጡ።

ወይዘሮ ዳመነች ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። አልጮኹም። አለመጮኻቸው ነው የባሰው።

“ልጄን አምኜ ሰጠሁሽ” አሏት። “የሰርጉ ዕለት ደግሞ መኝታ ቤቷ ገብተሽ ስትለብስ ልትቀርጫት ነው። ሦስት ሳምንት አለሽ። ፎቶው በማን እጅ እንደወጣ ንገሪኝ። ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።”

የአንድ ሰርግ ነገር ቢሆን ይቻል ነበር። ወይዘሮ ዳመነች ግን በዚያ ከተማ ያልተዛመዱት ሰው የለም። እሳቸው የተዉትን ፎቶ ቤት ማን ይረግጣል?

ሴትየዋ ደነገጠች። ወዲያው የታያት ሌባ ነው። ሩቅ አገር ያለ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ኮምፒውተር የሚነካካ ሌባ። ወገኖቼ፣ ሌባ ሲባል ሁልጊዜ ሩቅ አገር የሚታየን ለምን ይሆን?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አሁን የክላውድ ጥበቃ ሶፍትዌር ፍለጋ ተነሣች።

በመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ክራቫት አድርገው መጡ። ግድግዳዋ ላይ ሥዕል አበሩ። የአንበሳ ምልክት አለው፣ ቀይ መስመር አለው፣ አረንጓዴ መስመር አለው። “ይህን ካስገቡ ዝንብ አያልፍም” አሏት።

“እኔስ ምን ላድርግ?” አለች።

“ምንም።”

ይህች “ምንም” የምትባል ቃል እንዴት እንደጣፈጠቻት አልነግራችሁም። ቀጥሎ ሌላ ሻጭ መጣ። የእሱ ዋጋው ረከስ ያለ ነው። “ሁሉንም ይሠራል” አለ። “ሁሉንም ማለት ምን ምን?” ሲባል “ሁሉንም ነዋ” ከማለት አላለፈም። ልቧ ከክራቫቶቹ ጋር ነበር።

በመጨረሻ ከሌላ ድርጅት ዕፀገነት የምትባል ወጣት መጣች። ሥዕል አላበራችም። ቁጭ አለችና “ፓስወርዱን የሚያውቀው ማን ነው?” ብላ ጠየቀች።

“እኔ ነኛ።”

“ሌላስ?”

“ሁለቱ ሠራተኞቼ።”

“ሌላስ?”

“ወንድሜ። ኢንተርኔቱን ያስገባልኝ እሱ ነው።”

“ሌላስ?”

“ሚስቱ ብዙነሽ።”

ዕፀገነት ወረቀት አወጣች። ሥራ ለቀው የሄዱ ሦስት ሠራተኞች ተጻፉ፤ አንዱ ዲላ የራሱን ፎቶ ቤት ከፍቷል። አልበም የሚያትምላት ሰው ተጻፈ። የዛሬ ሁለት ዓመት “የራሴን ፎቶ ራሴ ላውርድ” ያለች ሙሽራ ተጻፈች፤ ያቺ ሙሽራ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሃያ ስድስተኛው ሰው ሰባኪ ነው። ለጉባኤ የተነሣውን ፎቶ ለመውሰድ ፓስወርዱን ተቀብሎ አልመለሰም። ስሙን አልነግራችሁም። ፎቶ ላይ ግን ጥሩ ይወጣል።

ሲቆጠሩ ሠላሳ አንድ ሆኑ።

ዕፀገነት ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። “ፎቶው የወጣ ዕለት፣ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እርስዎ ሐዋሳ ሆነው ገብተዋል። በዚያው ሰዓት ዲላ ሆነው ገብተዋል። ሻሸመኔም። አዲስ አበባም።”

“እኔ እኮ ማክሰኞ ከዚህ ወንበር አልተነሣሁም።”

“መዝገቡ የሚያውቀው የእርስዎን ስም ብቻ ነው። ሁሉም የሚገቡት በእርስዎ ስም ነው።”

“ታዲያ የእናንተ ሶፍትዌር ይህን ይዘጋልኛል?”

“ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን መግቢያ ይሰጣል። ማን ምን እንደከፈተ ያሳይዎታል። የማያውቀውን ሰው ይመልሳል። እነዚህን ግን ያስገቧቸው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከእኔ በፊት የመጡት ሰዎች ሶፍትዌርም መጥፎ አይደለም፤ ቁልፍ ይዞ የመጣውን ግን እሱም ያስገባዋል።”

ሴትየዋ ተቆጣች። “ወንድሜን ሌባ ልበለው? ለስንት ዓመት አብረውኝ የሠሩትን፣ የበላሁትን የበሉትን፣ ዛሬ ሂዱልኝ ልበል?”

“ሌባ አይበሏቸው” አለች ዕፀገነት። “ቁልፉን ብቻ ይቀበሏቸው።”

በዚያ ቀን አልተዋዋሉም። አያችሁ ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ትፈልግ የነበረው ሶፍትዌር አልነበረም። ትፈልግ የነበረው በእሷ ቦታ ቆሞ “እንቢ” የሚልላት ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ያስገባባት ሌባ አይደለም። ይሉኝታ ነው። ፊት አይታ ሰጠች፤ ፊት ፈርታ ሳትቀበል ቀረች።

በማግስቱ የሙሽራዋን ፎቶ ከፍታ አየችው። ልጅቷ ሐይቁን ጀርባዋ አድርጋ ትስቃለች። ማንም አያየኝም ብላ አምና የሳቀችው ሳቅ ነው። ሴትየዋ ያን ሳቅ ስታይ አፈረች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ዕፀገነትን ጠርታ ተዋዋለች፤ አሮጌውን ፓስወርድ ለወጠችው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ስልኳ ማረፊያ አጣ። የዲላው ሰው “እስካሁን እዚያ አለሁ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። አልበም አታሚው “ምን አጠፋሁ?” አለ። እሷም ለሁሉም አንድ ነገር ብቻ መለሰች፤ “ምንም አላጠፋህም፤ ቤቴን እየዘጋሁ ነው።” የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሲደውሉ ስልኩን ለማንሣት አመነታች። አሥረኛው ላይ ደርሳ ለመደችው።

ከቀትር በኋላ ብዙነሽ ደወለች፤ የወንድሟ ሚስት።

“አንቺ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው? የዳመነችን ልጅ ፎቶ አንዱን ለእህቴ ልኬላት ነበር። ወዳው ለጓደኞቿ ሁሉ በቴሌግራም ላከችው፣ እንዴት እንዳደነቁልሽ አትጠይቂኝ። ቀሪውን ላኪልኝ ስትለኝ ልገባ ብል እምቢ አለኝ።”

ሩቅ አገር ያለው ኮፍያ ያጠለቀው ሌባ፣ ብዙነሽ ነበረች። ያውም የሠራችው በፍቅር ነው። ያውም በሩ ሲዘጋባት ነው ራሷ ደውላ የተናገረችው።

በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ ወይዘሮ ዳመነች ቤት ሄደች። “የወጣው ከእኔው ቤተሰብ ነው” አለቻቸው። “ክፉ አስባ አይደለም። በሩን ክፍት የተውኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“አሁንስ ማን ይገባል?”

“እኔና ሁለቱ ሠራተኞቼ። ሦስታችንም በየስማችን።”

“ወንድምሽስ?”

“አይገባም።”

“ሚስቱስ?”

“እሷም አትገባም። ካኮረፈችኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።”

ወይዘሮ ዳመነች ፎቶው ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። “የወንድምሽን ሚስት እንቢ ካልሽማ” አሉ፣ “ነይና ልጄን ቅረጪልኝ።”

እናንተስ ወገኖቼ?

የልባችሁ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው? ባልና ሚስት ለብቻችሁ የተነጋገራችሁት ነገር በማግስቱ ጎረቤት የሚደርሰው በየት በኩል ነው? በአንድ ስልክ ቀናችሁን አበላሽቶ የሚዘጋው ሰው ፈቃዱን ከማን አገኘ? “ጠላት ሰብሮ ገባብኝ” ብለን እንጸልያለን። እውነት ሰብሮ ነው? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ቀዳዳውን ሳንደፍን ጅቡን እንገሥጻለን።

እግዚአብሔር ይጠብቃል፤ ይህን እኔም አምናለሁ። ግን እሱ እንዲጠብቅልን አደራ የሰጠነውን ቤት፣ ፊት አይተን ለሠላሳ አንድ ሰው ካደልነው፣ አደራው የቱ ላይ ነው? ሰውን ውደዱ። ቡና ጥሩት፣ ሲታመም ጠይቁት፣ ሲቸገር ድረሱለት። የልብ ቁልፍ ግን የፍቅር መግለጫ ተብሎ ለመጣው ሁሉ አይታደልም። ሰውየው ሲዘጋበት ያኮርፋል? ያኩርፍ፤ ኩርፊያ ያልፋል።

ይህን ስናገር ለእያንዳንዳችሁ አንድ ስም መጥቶላችኋል። “እሱንማ እንዴት እላለሁ?” ያላችሁት ሰው አለ። ከእሱ ጀምሩ።