ዝንጀሮ የሸጣቸውን ጋሪዎች መልሶ የጠራ ዕለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ተረት ጊዜያችሁን አያባክንባችሁም። እንዲያውም ሰምታችሁ ስትጨርሱ ቤት ገብታችሁ የምትሞክሩት ነገር አለው።

በድሮ ዘመን፣ ጋሪ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ዝንጀሮ ነበረ። እጁ ብልህ፣ ምላሱ ጣፋጭ፣ ልቡ ግን ችኩል። ጋሪ እየሠራ ይሸጥ ነበር።

አንዲት አህያም ነበረች። ጉልበተኛ፣ ትሁት፣ ማንንም ማስቀየም የማትወድ። ድንቡሼ የሚባል ውርንጭላ አላት። ድንቡሼ ከተወለደ ጀምሮ አንድ እግሩ ደካማ ነው፤ ሣሩ ያለው ደግሞ ከቁልቁለቱ ማዶ። ይዛው እንዳትሄድ መራመድ አይችል፣ ትታው እንዳትሄድ ጅብ አለ።

ስለዚህ የክረምት ገለባዋን በሙሉ ሰጥታ ከዝንጀሮ ጋሪ ገዛች።

በዚያ አገር የሚሽከረከር ነገር ሲሸጥ ዋስ ይቆማል። ዋስ ማለት፣ ልንገራችሁ፣ «ዕቃው ነውር ቢገኝበት እኔን ጠይቁኝ» ብሎ በመሃል የሚገባ ነው። ለእነሱ ዋስ የሆነው አባ ኤሊ ነበር። ሌላም ደንብ አለ። ገዢው ዕቃውን ሞክሮ ሲወደው ሻጩን ይመርቃል፤ ከመረቀ ሽያጩ አለቀ፣ ወደ ኋላ የለም።

አህያ ድንቡሼን ጭና ወጣች። ሜዳው ላይ መንኮራኩሩ ወለቀ። መልሳ ወሰደችው። ዝንጀሮ፣ ስለፈጠንሽ ነው አላት፤ ቀጥቀጥ ቀጥቀጥ አድርጎ ሰጣት። እሷም ዝም ብሎ መሄድ ነውር መስሏት «እጅህ ይባረክ» ብላ ሄደች።

ወንዙ ውስጥ መንኮራኩሩ ወለቀ። መልሳ ወሰደችው። ዝንጀሮ፣ ውሃ ስላስነካሽው ነው አላት፤ ቀጥቀጥ ቀጥቀጥ አድርጎ ሰጣት። አሁንም «እጅህ ይባረክ» ብላ ሄደች። አያችሁ ይሉኝታ የሚያመጣውን ጣጣ?

ቁልቁለቱ ላይ ወለቀ። ድንቡሼ ተወርውሮ ገደል አፋፍ ደረሰ፤ አንድ ቁጥቋጦ ነው ይዞ ያስቀረው። እናቱ በጥርሷ ጎትታ አወጣችው። ጉልበቱ ተልጦ ነበር።

«እማ፣» አላት፣ «እኔ ቤት ልቅር። ጅቡን አልፈራውም።»

ጆሮዎቹ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር።

አህያ ይህን ጊዜ ወደ ዝንጀሮ አልሄደችም። በቀጥታ ዋሷ ዘንድ ሄደች። አባ ኤሊም ሰማት፤ ቀስ እያለ መጥቶ የዝንጀሮ በር ላይ ተቀመጠ። ዋስ በር ላይ ከተቀመጠ ነገሩ እስኪያልቅ ገበያ የለም።

ዝንጀሮ ሳቀ። ሁለት ጊዜ እንደመረቀችው፣ ሽያጩም እንዳለቀ ተናገረ።

«የመረቀችህ ጠገንኩት ስላልካት ነው፣» አለ አባ ኤሊ። «የጠገንከው ቆየ?»

ዝንጀሮ መዶሻውን ያገላብጥ ጀመር።

«ካልቆየ ምርቃቱ ምን ላይ ይረፍ? በል፣ ሽብልቁን አሳየኝ።»

ሽብልቅ ማለት መንኮራኩሩ ከዘንጉ እንዳይወጣ የሚይዝ ትንሽ እንጨት ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ጋሪው በሙሉ የሚያምነው እሱን ነው! ከወይራ ነበር መሠራት ያለበት። ይኼኛው የቁልቋል እንጨት ሆኖ ተገኘ፣ በጥርስ የሚበሳ። ወይራው ያለው ሩቅ ተራራ ላይ ስለሆነ፣ ዝንጀሮም ለገበያ ቀን ስለተጣደፈ።

አንገቱን ደፍቶ ሌላ ጋሪ ሠራላት። የወይራ ሽብልቅ አስገባበት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ለማንም ካልተናገረች ገለባዋንም ጭምር እንደሚመልስላት ሹክ አላት።

አህያ ድንቡሼን ጭና ጥቂት ሄደች። ቆመች። ተመለሰች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ቁልቋል የገባበት የእኔ ጋሪ ብቻ ነበር?»

ዝንጀሮ ጭንቅላቱን አከከ። የፍየልም፣ የሚዳቋም፣ የሁሉም እንደሆነ ተናዘዘ።

«ፍየል እኮ ግልገሎቿን ጭና ነው የምትወርደው።»

«እስካሁን አልወለቀባትም። ብናገር ደግሞ ከእንግዲህ ማን ከእኔ ይገዛል?»

«የእኔም እኮ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አልወለቀም ነበር፣» አለች አህያ።

ዝንጀሮ የድንቡሼን ጉልበት አየ። ቁስሉ ገና አልደረቀም። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠና ገበያው መሃል ካለው ጉብታ ላይ ወጣ።

«ከእኔ ጋሪ የገዛችሁ፣ ልጆቻችሁን አውርዱ! ጥፋቱ የጋሪው ሳይሆን የእኔ ነው። አምጡት፣ የቁልቋሉን ሽብልቅ ያለ ክፍያ በወይራ እቀይራለሁ። መምጣት ላልቻለ እኔው እመጣለሁ።»

ገበያው ሳቀበት። «ጌታው ቁልቋል» የሚል ስም አወጡለት። እሱ ግን ተራራ ወጣ፣ ወይራ ቆረጠ፣ ተሸክሞ ወረደ። መዳፉ እስኪላጥ።

ፍየል ጋሪዋን ስታመጣ ዝንጀሮ ሽብልቁን ሳብ አደረገ፤ ጣቱ ላይ ፍርፍር አለ። ፍየል ግልገሎቿን አንድ በአንድ አሸተተች። ዝንጀሮም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

የአህያንም ገለባ ሳትከራከረው ራሱ ተሸክሞ አደረሰላት። ደግሞ ይገርማችኋል፣ የሳቁበት ሁሉ ጋሪ ሲያምራቸው የሚሄዱት ወደ እሱ ሆነ። ጥፋቱን ደብቆ ልጆቻችንን አያስፈጅም አሉ።

ድንቡሼ? መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሄደው። ከዚያ በአንዱ ዓይኑ አየ። አንድ ቀን ቁልቁለቱ መሃል ላይ «እማ፣ ትንሽ ፍጠኚ» አላት። አህያ ዞር አላለችም። እንባዋን እንዳያይባት።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው፦ የሸጠ ሰው ነውሩን ሲያውቅ ሌሎቹንም ይጥራ፤ የገዛም ሰው በይሉኝታ ዝም አይበል። ይህ የጋሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም መኪና ሠሪዎች ጉድለት ሲያገኙ የሸጧቸውን መኪኖች ለጥገና ይጠራሉ፤ ጥሪው ግን አንዳንዴ ያልጠየቀ ሰው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። እና አሁን ስትነሱ መኪና ያለው አባት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ «የዚህች መኪና ዓይነት ለጥገና ተጠርቶ ያውቃል?» በሉ። መኪናዋ ላይ የተቀረጸውን መለያ፣ የሻንሲ ቁጥሯን፣ አብራችሁ ፈልጉ፤ እሱን ይዛችሁም ለሻጩ ደውሉ። መኪና ከሌለ ብስክሌታችሁን ገልብጡና ጎማውን ነቅነቅ አድርጉት። በሉ ተነሱ፣ ሞክሩት።